ቴሌቪዥኑ በመስታወት ውስጥ

"ይሄ ሰውዬ አለቀለት" አለች ዳኛዋ፣ ማበጠሪያውን ከመምህርቷ ፀጉር ውስጥ ሳታወጣ። "ሲያስል አላየሽም? ፊልም ላይ የሚያስል ሰው ጉንፋን ይዞት አያውቅም። ይሞታል እንጂ።"

ይህን ያለችው ለፋርማሲስቷ ነበር። ፋርማሲስቷ ግን ፀጉሯን በቢጎዲን አስጠቅልላ ካስክ ውስጥ ከገባች ቆይታለች፤ ጭንቅላቷ ላይ የተደፋው ማድረቂያ እየጮኸ ሌላ ድምፅ አያሰማትም። "ምን አልሽ?" ብላ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀች።

"የሳል ሽሮፕ ይዘሽለት ድረሽ ነው የምትልሽ" አሉ መምህርቷ።

ጥፍር ሠሪዋ ከጥግ ሆና ሳቀች። ዳኛዋም ፈገግ አለች፤ ግን ፈገግታዋ አልቆየም። ዓይኗ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። ሰዓቱን በመስታወት ማንበብ ከለመደች ብዙ ዘመኗ ስለሆነ መገለባበጡንም ረስታዋለች። የሚያስለው ሰውዬ ፊልም ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉም የሚጠብቁት፣ እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የምትፈራው ድራማ ነው።

ዳኛ የሚለውን ስም ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ሥራዋ ፀጉር ነው፤ ፊልም የምታየው እግረ መንገዷን፣ ግማሹን ሰምታ ግማሹን ገምታ ነው። ፍርድ ከመስጠት ግን ይህ አግዷት አያውቅም። አንዲት ተዋናይ ከዶፍ ዝናብ ሸሽታ ቤት ስትገባ የፀጉሯ ሥር ደረቅ መሆኑን ካየች፣ ያ ፊልም ከዚያ ወዲያ ሕዝብ ቢያስለቅስ እሷ ዘንድ አይታመንም። "ጫፉን ብቻ ነው የነከሩላት" ትላለች። ከውጭ መጥተው በትርጉም የሚቀርቡትን ረጃጅም ተከታታዮች የምትወቅሳቸው ደግሞ በምግባቸው ነው፤ ሀብታሞቹ ሁልጊዜ ገበታ ይቀርባሉ፣ ሁልጊዜ ይጣላሉ፣ አንድም ቀን ሳህናቸውን ጨርሰው ሲነሱ አላየችም። ይሄን ሁሉ የት ነው የሚደፉት ብላ ትጠይቃለች። የፖሊስ ፊልም አትወድም፤ ስልክ ሲጨርሱ ደህና ዋል አይባባሉም፣ አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው። የምትወደው ብዙ አይደለም። ሁለት ሰዎች ምንም ሳይናገሩ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሻይ ሲያማስልለት ያየች ዕለት ግን የፀጉር ማድረቂያ ፎኑን አጥፍታ፣ ደንበኛዋን ከነእርጥብ ፀጉሯ አስቀምጣ፣ እስኪያልቅ ቆማ ታያለች።

ፀጉር ቤቷ አንድ ክፍል ናት። ቴሌቪዥኑ ከመግቢያው በር በላይ ተሰቅሏል። ትልቁ መስታወት ያለው ፊት ለፊት፣ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ዳኛዋም ሆነች ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ደንበኛ ቴሌቪዥኑን የሚያዩት ጀርባቸውን ሰጥተው በመስታወቱ ውስጥ ነው። ካስክ ውስጥ የሚገቡት ግን በጎን በኩል ስለሚቀመጡ በቀጥታ ያዩታል፤ ዳሩ ግን አይሰሙም። በዚህ ምክንያት ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። በዚያ በሚጠበቀው ድራማ ውስጥ የሟች አባትን ፊርማ አስመስሎ የፈረመው ሰው ግራኝ ነው ከተባለ ወዲህ፣ የወንበር ወገን የሆኑት ሁሉ ከሟቹ ልጆች ታላቅ ወንድምዬው ነው ብለው ደምድመዋል፤ ሰውዬው ሲበላም ሲጽፍም በግራው ነው። የካስክ ወገን የሆኑት ደግሞ ሰውዬው እንደ ማንም ሰው በቀኙ ነው የሚጠቀመው ይላሉ። መምህርቷ የወንበሩ ወገን መሪ ናቸው። ፋርማሲስቷ የካስኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ ሲወጣ በመስታወቱ ውስጥ ተገልብጦ እንደሚታይ ሁሉም ያውቃሉ። እጅም አብሮ እንደሚገለበጥ ግን ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው አላሰበም።

ስለ ታላቅ ወንድምዬው ዳኛዋ ብዙ ብላለች። ስለ "ቤት ሻጯ" ግን አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ቤት ሻጯ በድራማው ውስጥ አባቷ ሲሞት ቤቱን ሸጣ እናቷን ያስወጣች ልጅ ናት። ደንበኞቹ እሷን ለመስደብ ተራ ይጠብቃሉ። ዳኛዋ በዚያ ሰዓት ማበጠሪያ ይጠፋባታል፤ ፎጣ ታራግፋለች፤ ጎንበስ ብላ ያልወደቀ ቢጎዲን ትፈልጋለች። ምክንያቱም ቤት ሻጯን ሆና የምትጫወተው ልጇ ናት፣ የወለደቻት፣ የአሁኖቹ ደንበኞቿ የመጡት ልጅቷ ከሄደች በኋላ ስለሆነ ይህን ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም።

ልጅቷ የተማረችው ሒሳብ አያያዝ ነበር። ተመርቃ ተዋናይ እሆናለሁ ብላ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ እናቷ አልከለከለቻትም፤ ግን ደስም አላላትም። ሰው ሲጠይቃት "መሥሪያ ቤት ናት" እያለች ታልፈዋለች። የምትፈራው ስድቡን ብቻ አልነበረም። ከስድቡ ይልቅ የምትፈራው የራሷን ዓይን ነበር። ቀና ብላ ብታያትና ልጇ ያቺ የፀጉሯ ሥር ያልረጠበ ተዋናይ ሆና ብታገኛትስ? ያኔ ምን ትላለች?

ያን ዕለት ጠዋት ፎጣ ስታጥፍ ስልኳ ጮኸ። እንደ ልማዷ በጓሮው በር ወጥታ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቆመች። የልጇን ስልክ ሁልጊዜ እዚያ ነው የምታነሳው።

"እማዬ፣ ዛሬ መልስ መስጠት አለብኝ" አለች ልጅቷ።

ለድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ እንደሚፈልጓትና እስከ ማታ አዎ ወይም አይ ማለት እንዳለባት ነገረቻት። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት አይታት ቦታ እንደቀየረች፣ አንዲት ባለሱቅ ደግሞ ዳቦ አልሸጥልሽም እንዳለቻት እየሳቀች አወራች። ከዚያ ሳቋን ተወችው።

"ስድቡን እችለዋለሁ፣ ሥራው ጥሩ ከሆነ። ጥሩ መሆኑን ግን አላውቅም። እዚህ ያሉት ሁሉ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል። ለሁሉም ሰው ነው እንደዚያ የሚሉት።"

"እኔ ታዲያ ምን አውቃለሁ? ፀጉር ሠሪ ነኝ።"

"አንቺ ማንንም አትምሪም። የዛሬውን ክፍል እዪልኝ፣ እማዬ። እንደ እናት አይደለም። ደንበኞችሽ ፊት እንደምትፈርጂው አድርገሽ ፍረጂልኝ። ተይው ካልሽኝ እተወዋለሁ። መጥቼ የቢሮ ሥራ እፈልጋለሁ።"

ዳኛዋ የበርሜሉን ክዳን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። "ዛሬ ሰው ይበዛል" አለች።

"እማዬ።"

"እሺ። አያለሁ።"

ልጇን ወደ ቤት ለመመለስ አንዲት ቃል ብቻ እንደቀራት የገባት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው። ተይው። እስከ ቀትር ድረስ ያችን ቃል እንደ ከረሜላ በምላሷ ስታገላብጣት ዋለች። ማታ ማታ ባዶ የሚሆነው ክፍል፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ ትዝ አላት። ማየት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። አይቻለሁ፣ ተይው ብትላት ልጅቷ ታምናታለች።

የሚያስለው ሰውዬ እንደተባለው አልጋ ላይ ወደቀ፤ ፊልሙም አለቀ። የድራማው ሙዚቃ ሲሰማ ጥፍር ሠሪዋ ድምፁን ጨመረችው። መምህርቷ በወንበሩ ላይ ተመቻቹ።

ቤት ሻጯ ጎዳና ስታቋርጥ ታየች።

"መጣችልሽ" አሉ መምህርቷ። "አረማመዷን ተመልከቺልኝ። እናቷን ሜዳ ላይ ጥላ እንዲህ ነው የሚኬድ?"

"ይችን የወለደች ሴት ግን ምን በልታ ነው?" አለች ጥፍር ሠሪዋ።

"እንደማንኛውም ሰው በልታ" አለች ዳኛዋ ቀስ ብላ።

ሁለቱም አልሰሟትም። መምህርቷ ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጅ ማስተማራቸውን፣ እንዲህ ዓይነቷን በጀርባዋ ብቻ እንኳ እንደሚለዩዋት እየተናገሩ ነበር። ዳኛዋ እጇ ወደ ፎጣው ሄደ። ከዚያ ተመለሰ። አያለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ማበጠሪያውን በመምህርቷ ፀጉር ውስጥ እንደሰካችው ትታ ቀና ብላ መስታወቱን ተመለከተች።

በመጀመሪያ ያየችው ልጇን ነው። ድሮ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጠዋት ጠዋት እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጣ ስትጎነጉናት፣ እዚሁ መስታወት ውስጥ ታየው የነበረውን ፊት። የልጅቷ ፈተና መውደቅ፣ የአባቷ ነገር፣ የመጀመሪያ ወንድ ጓደኛዋ ጉዳይ፣ ፊት ለፊት ሊነገር የማይችለው ሁሉ በዚህ መስታወት በኩል ነበር የሚነገረው። ስለዚህ ዳኛዋ ልቧ በረድ አለ። አወቅኳት ብላ አሰበች። ይቺ የኔዋ ናት፤ ሌላ ሰው ለመሆን ትሞክራለች እንጂ አልሆነችም። ተይው የምትለው ቃል ወደ ከንፈሯ ቀረበች።

ቤት ሻጯ በር አንኳኳች። እናትየው የተከራየችው ጠባብ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ልብስ የሞላበት ሻንጣ። አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ የመጣችው እናቷ ዘንድ የቀረውን የቤቱን የመጨረሻ ቁልፍ ለመውሰድ እንደሆነ ካለፈው ክፍል ይታወቃል። አሮጊቷ ቁልፉን ዘረጋችላት። ልጅቷ እጇን ሰዳ ተቀበለቻት።

በግራ እጇ።

"ግራኝ አይደለችም" አለች ዳኛዋ ድምፅ አውጥታ።

"ማን?" አሉ መምህርቷ።

ዳኛዋ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። ልጇ በግራ እጇ ማንኪያ እንኳ ይዛ አታውቅም። አንድ አፍታ ያህል፣ የግራኝ እጅ እስከዚህ ድረስ አስመስላ መለማመዷ ነው ብላ ልትደነቅ ነበር። ከዚያ ዓይኗ በመስታወቱ ውስጥ ባለው የገዛ ራሷ እጅ ላይ አረፈ። ቀኝ እጇ የመምህርቷን ትከሻ ይዟል፤ መስታወት ውስጥ ያለችው ሴት ግን በግራዋ ነው የያዘችው። ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ቆማ፣ ይህን ሁሉ ፊልም ፈርዳ፣ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችም ነበር።

ዞረች።

ልጇ መስታወቱ ውስጥ ቀረች። በሩ ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ የቆመችው ሌላ ሴት ናት። የፊቷ አቀማመጥ ተለውጧል፤ በወዲህ በኩል የምታውቀው ምልክት በወዲያ ሆኗል፤ አገጯ ጠንከር፣ ዓይኗ ራቅ ብሏል። ዳኛዋ የማታውቃትን ሰው አየች። ይህች ሴት ቤት ሸጣለች። እናቷን አስወጥታለች። ቁልፉን በቀኝ እጇ ጨብጣ ቆማለች፤ አሁን መሄድ ይገባታል፤ አልሄደችም።

አሮጊቷ አንገቷን ደፍታለች። ፀጉሯ ነጭ ነው፣ አልተበጠረም፤ ከኋላ ትራስ ላይ ተኝቶ የዋለው ቦታ ጠፍጥፎ ቀርቷል። ቤት ሻጯ ያንን ቦታ አየችው። ቁልፍ ያልያዘው እጇ ከጎኗ ተነሳ። ወደ አሮጊቷ ራስ ሄደ። መንገድ ላይ ቆመ።

ድምፅ የለም። ሙዚቃ እንኳ አላስገቡበትም። እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ጣቶቹ ትንሽ ተከፈቱ፤ ፀጉሩን የነኩት ያህል። ከዚያ እጁ ተመለሰና የራሷን ፀጉር አስተካከለ። ምንም እንዳልሆነ። ቤት ሻጯ ወጣች፤ በሩን ስትዘጋ እንዳይጮህ ይዛ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ዳኛዋ ያንን እጅ ፈለገችው። ልጇን ካሳደገችባቸው ዓመታት ሁሉ ውስጥ ፈለገችው፤ ስታኮርፍ፣ ስትዋሽ፣ ስትታመም፣ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ። የትም አላገኘችውም። ከእሷ የተወረሰ አልነበረም። ከአባቷም አልነበረም። ማንም አላሳያትም፤ እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ አልነበረም። ልጅቷ ከሌለ ቦታ አምጥታዋለች። ዳኛዋ ልጅ ስትወልድ ያዩዋት ሴቶች የነገሯት ነገር ትዝ አላት፤ ሕፃኗን ሲያሳዩዋት አተኩራ አይታ "ይቺ ማን ናት?" ብላ ጠይቃ ነበር አሉ። አሁንም እንደዚያው ሆነች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

ይህችን ሴት ልትጠላት ፈለገች፤ እንደ ደንበኞቿ ልትረግማት። አልሆነላትም። ይህን ያደረገች ልጅ ያላት እናት ምንኛ የታደለች ናት ብላ አሰበች። እናቲቱ ማን እንደሆነች የታወሳት ከዚያ በኋላ ነው።

መምህርቷም ለካ ወንበራቸው ላይ ተጠማዝዘው በቀጥታ እያዩ ነበር።

"ልትነካት ነበር እኮ" አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። "ነክታት ቢሆን ይሻል ነበር። አሁን እኔ እንዴት አድርጌ ነው የምረግማት?"

ፋርማሲስቷ ከነቢጎዲኗ ከካስኩ ውስጥ አንገቷን አውጥታለች። ያለድምፅ ነው ሁሉንም ያየችው፤ ያም ሆኖ በመዳፏ ጉንጯን እየጠረገች ነበር። "ክብርት ዳኛ" አለች፣ እንደ ልማዷ ልትቀልድ ሞክራ። "ዛሬስ ምን ተፈረደ?"

ሁሉም ጠበቋት። ዳኛዋ ፍርድ ፈለገች። የበሩን አዘጋግ፣ የአሮጊቷን ልብስ፣ የክፍሉን መብራት ፈተሸች።

"ታላቅ ወንድምዬው በቀኙ ነው የሚጠቀመው" አለች በመጨረሻ። "እኛ ነን የተሳሳትነው፣ እትዬ። በመስታወት ነው ስናየው የኖርነው።"

መምህርቷ መስታወቱን አዩ፤ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ የገዛ እጃቸውን አነሱና መስታወቱ ውስጥ አወዛወዙት። "በስመ አብ" አሉ። "እኔ ደግሞ መምህር ነኝ ብዬ እከራከራለሁ።"

ፋርማሲስቷ በድሉ ለመደሰት አፏን ስትከፍት ዳኛዋ ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ጥፍር ሠሪዋ ልማዷን ስለምታውቅ ተነስታ የጓሮውን በር ከፈተችላት።

ዳኛዋ በሩን አየችው። በርሜሉና የተሰጡት ፎጣዎች ከዚህ ይታያሉ። ተይው የምትለዋን ቃል ፈለገቻት፤ እንደ ከረሜላ ሟሙታ አልቃለች።

"ዝጊው" አለቻት ጥፍር ሠሪዋን። "እዚሁ ነው የማወራው።"

ከወንበሩ ጀርባ እንደቆመች ደወለች። ልጅቷ ወዲያው አነሳችው፤ ስልኩን በእጇ ይዛ ስትጠብቅ እንደነበር ያስታውቃል። ትንፋሿ ይሰማል።

"ልጄ" አለች ዳኛዋ፣ ሁሉም በሚሰሙት ድምፅ። "አየሁሽ።"

ማበጠሪያው ከመምህርቷ ፀጉር ውስጥ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም። ፋርማሲስቷ እጇን ወደ ላይ ሰድዳ ካስኩን አጠፋችው።

"እሺ" አለች ልጅቷ በጣም ቀስ ብላ። "ምን ልበላቸው?"

"ፀጉርሽን ከኋላ ማን ነው የቆረጠው?"

"እ?"

"በሩን ስትዘጊ አየሁት። ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ያ ሁሉ ሰው እያየ እንደሱ ሆኖ አይሆንም።" ስልኩን ወደ ሌላ ጆሮዋ አዛወረች። "የሚቀጥለው ምዕራፍ ቀረጻ ሳይጀመር ብቅ በይ። እኔ ነኝ የማስተካክለው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።"

ከወዲያ በኩል ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይለይ ነገር መጣ። ዳኛዋ አላቋረጠችውም። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ ነፃ በሆኑት ሁለት እጆቿ የመምህርቷን ወንበር ለመስታወቱ ጀርባውን እንዲሰጥ አድርጋ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረችው።